መሸኛ የሚጽፍ ቀበሌ በሌለበት እናቴን ባሕር ዳር ያስመዘገብኩበት መንገድ

ይህን የምጽፈው እናት አባታቸውን ከገጠር ወደ ባሕር ዳር ያመጡ ወይም ሊያመጡ የሚያስቡ ሰዎች እኔ ያየሁትን እንዳያዩ ነው። አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ እናቴን በየቢሮው ደጃፍ አላስጠብቃትም ነበር።

እናቴ የኖረችው ከአዴት ወዲያ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ «ነይ» ብንላት «ቤቴን ለማን ጥዬ?» ብላ እምቢ አለች። የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ስልኩም አንድ ቀን ሠርቶ ሌላ ቀን ይጠፋል። ደህና መሆኗን የምሰማው ለገበያ ከመጣ ሰው አፍ ነበር። በመጨረሻ ከቤቷ ያስወጣት ተኩሱ ሳይሆን የደም ግፊት መድኃኒቷ ማለቁ ነው። መንገድ እስኪከፈት ጠብቀን በሰው በሰው አስመጣናት። ስለ ጉዞው ብዙ አልልም፤ በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ቤት ውስጥ ችግር አልነበረም። ልጆቼ ክፍላቸውን ለቀቁላት፤ ባለቤቴም ከእኔ በላይ ልጇ ሆነች። የተቸገርነው ሕክምናው ላይ ነው። የጤና መድን ደብተሯ የወረዳዋ ነው። እዚህ በመድን ለመታከም እዚህ መመዝገብ አለባት፤ ለመመዝገብ የቀበሌ መታወቂያ ይጠየቃል፤ ለመታወቂያው ደግሞ ከነበረችበት ቀበሌ መሸኛ።

«መሸኛ ያምጡ» አለ የቀበሌው ሠራተኛ።

«ቀበሌው ተዘግቷል፤ ሊቀመንበሩ ሸሽቷል፤ ማኅተሙ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም» አልኩት።

«እኔ የምሠራው በመመሪያ ነው።»

ከዚህ ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም። ደጋግሜ ሄድኩ። አንድ ጊዜ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፤ ሌላ ጊዜ መብራት የለም፤ ሲገኙ ደግሞ «ከወረዳው አጽፉ» ይላሉ። የወረዳውን ሰው በስንት መከራ በስልክ ስናገኘው «ቀበሌው ሳይጽፍ እኛ ምን ይዘን እንጽፋለን?» አለ። እሱን አልፈርድበትም። የምፈርደው ቀበሌው መዘጋቱን ከእኔ በላይ እያወቀ፣ የዚያው ክልል መንግሥት ሠራተኛ ሆኖ፣ ከተዘጋ ቢሮ ወረቀት አምጣ በሚለኝ ላይ ነው። ጦርነቱን እናቴ አላመጣችው። የመንግሥት መዋቅር በፈረሰበት ቦታ የፈረሰውን መዋቅር ወረቀት አሮጊት ሴት እንድታመጣ መጠየቅ ሥርዓት ማስከበር አይደለም።

አንድ ቀን ራሷን ይዣት ሄድኩ፤ ሲያዩዋት ይራራሉ ብዬ። ነጠላዋን አስተካክላ መስኮቱ ጋ ቀረበችና «ልጄ፣ እኔ ይኸው ቆሜ እያየኸኝ ማን መሆኔን ወረቀት ይንገርህ?» አለችው። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ይቅር ለማለትም አልቸኩልም።

በር ላይ ደግሞ በገንዘብ መሸኛ «የሚያሠራ» ሰው አይጠፋም። እኔንም ጠይቆኛል። አትሞክሩት። ሐሰተኛ ሰነድ ወንጀል መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን የማን እንደሆነ በማይታወቅ ማኅተም የተመታ ወረቀት ይዞ በኬላ ማለፍ ሌላ መዘዝ አለው። ያ ወረቀት የሚያርፈው በእናታችሁ ስም ላይ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከፋይዳ፣ ከብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ ነው። ቀበሌው የነገረኝ ቅደም ተከተል መሸኛ፣ መታወቂያ፣ ከዚያ ፋይዳ የሚል ነበር። አትስሟቸው፤ ገልብጡት። የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ ቁጥር 1284/2015 ማስረጃ የሌለው ሰው በምስክር እንዲመዘገብ ይፈቅዳል፤ ምስክሩ ራሱ ፋይዳ ያለው ይሁን እንጂ። ምዝገባው በነጻ ነው። ምስክሯ እኔ ሆንኩ።

መዝጋቢዋ ወጣት ልጅ ናት፤ እግዚአብሔር ይባርካት። የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለቱ ዓይኖች አይሪስና የፊት ፎቶ ይወሰዳል። የእናቴ ጣቶች ስንት ዓመት ጤፍ ሲያርሙ፣ ኩበት ሲጠፈጥፉና ምጣድ ሲያሰሱ ኖረው መስመራቸው አልቋል፤ ማሽኑ ደጋግሞ እምቢ አለ። ልጅቷ «እማማ፣ አይዞዎት» እያለች ጣቶቿን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች፤ በራሷ እጅ ጫን አድርጋ ያዘችላት፤ ቀስ በቀስ አለፈ። ዕድሜ ሲጠየቅ የተወለደችበትን ዓመት አታውቅም። በ1977 ድርቅ እኔን አዝላ እንደነበር፣ ከእኔ በፊት ደግሞ ስንት እንደወለደች ቆጥረን ግምት አስሞላን። ይህን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ቀድማችሁ አስሉት፤ አንዴ የተመዘገበ የልደት ዓመት በየሰነዱ ይከተላችኋል። ስልክ ቁጥሩም የራሷ ይሁን፤ መልእክቱም ማረጋገጫውም የሚመጣው በዚያ ነው።

ባለ 12 አኃዙ ቁጥር ከመጣ በኋላ የቀበሌው ሠራተኛ «ፋይዳ ነዋሪነትን አያረጋግጥም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አያረጋግጥም። ማንነቷ ግን ከዚያ በኋላ ጥያቄ አልሆነም፤ የቀረው የት ትኖራለች የሚለው ብቻ ነው። ለዚያ ጎረቤቶቼ አሉ። አቤቱታ ጻፍኩ፦ የመጣችበት ቀበሌ አገልግሎት አለመስጠቱን፣ የፋይዳ ቁጥሯን፣ የሚመሰክሩ ነዋሪዎችን ስም፣ በመጨረሻም ማንኛውም ኢትዮጵያዊ የመኖሪያ ቦታውን የመምረጥ ነጻነት እንዳለው የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 32። ለቀበሌው ሳይሆን ከበላዩ ላለው ጽሕፈት ቤት በመዝገብ ቤት አስገባሁና ገቢ የሆነበትን ቁጥር ያዝኩ። አቤቱታው «በምስክር ይስተናገዱ» ተብሎ ተመራ። ያው ሠራተኛ ያለ አንድ ቃል መታወቂያውን ሠራ። የጤና መድኑም ተከተለ፤ መድኃኒቷን አሁን የምትወስደው በደብተሯ ነው።

በቃል አትከራከሩ፤ በቃል የተባለ እምቢታ ማስረጃ የለውም። በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቁጥር ያዙ፣ ወደ ላይ ውጡ። እናታችሁን ደግሞ ወደዚያ መስኮት አትውሰዱ፤ ፊርማና ፎቶ ካልተፈለገ በቀር ቤቷ ትቀመጥ። ቢሮዎቹም ከተዘጉ ቀበሌዎች የሚመጣ ሰው በምን እንደሚስተናገድ በር ላይ ይለጥፉ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው ለምን ይፈልገው?

አክስቴ ገና እዚያው ናት። መንገድ ተከፍቶ ባሕር ዳር በገባች ማግሥት ወደ ፋይዳ ምዝገባ ይዣት እሄዳለሁ፤ የልደት ዓመቷን ከእናቴ ጋር አስልተን ጨርሰናል፤ አቤቱታውም ስሟ ብቻ ቀርቶት ተጽፏል።