ለሉፐስ ሕክምና ገንዘብ ስናሰባስብ ሒሳቡን በታማሚዋ ስም ከፈትነው

እናቴ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ ሕመም አለባት። ታናሽ እህቴ ደግሞ ሉፐስ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት ሕመም፤ ኩላሊቷንም ነክቷል። ለሁለቱም ከዘመድ፣ ከጎረቤትና ውጭ አገር ካሉ ወዳጆች ገንዘብ አሰባስበናል።

መጀመሪያ የሐኪም ማስረጃ አውጡ። ክብ ማኅተም፣ የሕመሙ ስም፣ መድኃኒቱ ከነመጠኑ ይኑርበት። ለሰው ስታሳዩ የካርድ ቁጥሩን ሸፍኑት።

በጀቱን በተመለከተ ብዙዎች አንድ ትልቅ ድምር ጻፉ ይላሉ። እኔ አልስማማም። ኩላሊት ማስቀየር ቢሆን ድምሩ ያስኬዳል፤ ሉፐስ ግን የዕድሜ ልክ ክኒን ነው። እኛ በወር ከፋፈልነው፦ ሃይድሮክሲክሎሮክዊን ባለ 200 ሚሊግራም በቀን ሁለት፣ በወር 60 ፍሬ፤ ማይኮፌኖሌት ባለ 500 በቀን አራት፣ በወር 120 ፍሬ፤ ፕሬድኒሶሎን፤ የሽንትና የክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም) ምርመራ። «የአንድ ወሩን እኔ እችላለሁ» የሚል ሰው ሞልቷል። ሃይድሮክሲክሎሮክዊን ውሎ አድሮ ሬቲናን፣ ማለት ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ውስጠኛ ክፍል፣ ሊጎዳ ስለሚችል የዓይን ምርመራም ጨምሩበት፤ እኛ ረስተነው ነበር። ከውጭ ለሚመጣ መድኃኒት ዋጋውን በዶላርም ያዙት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በብር ብቻ የተሰላ በጀት ሁሉ ፈርሷል።

አሁን ወደ ባንኩ ልምጣ። ሰው እንዲያምነን ብለን ሒሳቡን በእህቴ ስም ከፈትን፤ የምታንቀሳቅሰውም እሷ ብቻ። ሁሉም እንዲህ አድርጉ ብሎ ነው የመከረን። የዘነጋነው ሕመሙ ራሱ መገጣጠሚያ እንደሚያሳብጥ ነው። ሒሳቡን ስትከፍት ደህና ነበረች። ሕመሙ ሲነሳባት ግን ጣቶቿ አብጠው እስክሪብቶ በአውራ ጣትና በመዳፏ መካከል ነበር የምትይዘው። ፊርማዋ ላይ የነበረው ቀለበት ተሰብሮ ሁለት መስመር ሆነ። መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ከናሙናው ጋር አስተያይቶ «አይመሳሰልም» አለ። ሦስት ጊዜ አስፈረማት፤ በፈረመች ቁጥር ባሰበት። በአሻራ ይሁንልን ብንል አሻራ መጻፍ ለማይችል ነው ተባልን። የሐኪም ወረቀት ብናመጣ ሥራ አስኪያጁ ለዋናው መሥሪያ ቤት እጽፋለሁ አለ። መልሱ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ሄደ። ገንዘቡ ለእሷ የተሰጠ፣ እሷ ፊት ለፊታቸው ቆማ፣ መታወቂያዋ በእጃቸው! እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ነገ ይደርሳል ተብሎ የሚዘለል መድኃኒት አይደለም። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ የራሱን ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ቶሎ ስለማያመነጭ ለሕይወት ያሰጋል። ተበድረን ገዛን።

ስለዚህ የጋራ ሒሳብ ክፈቱ፦ ታማሚዋና ሁለት የታመኑ ሰዎች፣ ከሦስቱ በሁለቱ ፊርማ የሚንቀሳቀስ። አንደኛው ከቤተሰብ ውጭ ቢሆን ይመረጣል፤ እኛ የእድራችንን ጸሐፊ አደረግን። የታማሚዋ ፊርማ የግድ ነው የሚል ቃል እንዳይገባ ቅጹን አንብቡ። ውክልናውንም ደህና ሳለች ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ጨርሱ። ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ «የባንክ ሒሳብ ለማንቀሳቀስ፣ ገንዘብ ለማውጣት» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። መነሳት ካልቻለች ባለሙያው ያለችበት ድረስ መጥቶ የሚያዋውልበት አሠራር አለ። እኔ አልጠየቅሁም ነበር፤ ይቆጨኛል።

ውጭ ላሉት፦ ጎፈንድሚ የተባለው በኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ ገቢ አያደርግም። አሜሪካ ያለ ዘመድ በራሱ ስም ከፍቶ፣ ለማን እንደሆነ ጽፎ፣ ተቀብሎ ይላክ። እዚያ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል። ከ10 ዶላር 59 ሳንቲም ይሄዳል፣ ከ100 ዶላር ግን 3 ዶላር ከ20። አሥር አሥር ዶላር የሚያዋጡ የማኅበር አባላት በአንድ ሰው በኩል አጠራቅመው ይስጡ። ለግለሰብ የሚሰጥ ስጦታ እዚያ ከግብር እንደማይቀነስም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

የፋርማሲ ደረሰኝ በዚያው ቀን ፎቶ አንሱና ለሰጪዎቹ ላኩ። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ይደበዝዛል። የእኛ የመጀመሪያ ሦስት ወር ደረሰኝ ዛሬ ምንም አይነበብበትም።