ከጀርባ ያሉት ሦስት ጠርዞች

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ እዚህ ጎንደር፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ አንድ ብየዳ ቤት ተደወለልኝ። «ዕቃሽ አልቋል፣ ነይና እይው» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ፒያሳ አካባቢ ጀበና ቡና ለምትሸጥ ደንበኛዬ የነደፍኩት የመጀመሪያ ጠረጴዛ ነበር። ከላይ የሲኒ መደርደሪያ፣ ከሥሩ ለቡናና ለስኳር መሳቢያ፣ በጎኑ ደግሞ የከሰል ምድጃ የሚገባበት የላሜራ ሳጥን አለው። ደርሼ ሳየው ቱቦላሬው ቀጥ ብሎ ተበይዷል፣ የተበየደው ሁሉ ተሞርዷል፣ የቀረው ቀለም ብቻ ነው። የምድጃው ሳጥን ግን ከኋላ ድፍን ነበር። አየር የሚገባበት፣ አመድ የሚጠረግበት ክፍተት የለውም።

«ጋሼ፣ ጀርባው እኮ ክፍት ነው የሚሆነው» አልኳቸው።

ጓንታቸውን አወለቁና ወረቀቴን ከግድግዳው ላይ ነቅለው ሰጡኝ። «የቱ ጋ ነው ክፍት የሚለው? አሳዪኝ፣ እታለም።»

ወረቀቱን አየሁት። ሦስት ቀን የደከምኩበት ሥዕል ነው። ዕቃው ከቀኝ በኩል፣ ከፍ ካለ ቦታ ይታያል። ጥላው በጥንቃቄ ተሠርቷል፣ ሲኒዎቹ ላይ ብርሃን ያርፋል። ጀርባው ግን የለም። በልቤ ነበር እንጂ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። እሳቸው የሠሩት በትክክል ያሳየኋቸውን ነው። ያን ቀን ላሜራውን በግራይንደር ቆርጠን ከፈትነው። ግማሽ ቀን ፈጀብን፣ ወጪውንም እኔ ቻልኩት።

አንድ ሳጥን 12 ጠርዝ አለው። ከማዕዘኑ በኩል ከፍ ብለን ስናየው የሚታዩን 9ኙ ብቻ ናቸው። ሦስቱ ከኋላ በታች አንድ ጥግ ላይ ተገናኝተው ይደበቃሉ። የኔ ስህተት ያደረው እዚያ ጥግ ላይ ነው፤ አመዱ የሚወጣውም በዚያው ነበር። አሁን ማንኛውንም ዕቃ ስነድፍ መጀመሪያ እንደ ብርጭቆ አሳልፌ አየዋለሁ። 12ቱንም ጠርዝ በቀጭኑ አሰምራለሁ፣ የሚታዩትን ኋላ አጠቁራቸዋለሁ። የተደበቁትን አላጠፋቸውም። ለደንበኛ በሚሰጠው የመጨረሻ ሥዕል ላይ ባይኖሩም፣ ለራሴ በሚቀረው ወረቀት ላይ ይኖራሉ።

ይህ ነገር ከሁሉ በላይ የሚፈተነው በጀበና ነው። ንድፍ አስተምሪኝ የሚለኝ ሰው ሲመጣ ጀበና አስቀምጬ እጀምራለሁ። ብዙው ሰው ዙሪያውን ይስላል፤ ከአፉ ተነሥቶ በአንገቱ ይወርድና ሆዱን ዞሮ ይመለሳል። ውጤቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ብዙ ጊዜም ወዳንድ ወገን ያዘመመ። ጀበና መሳል ያለበት ከመሀሉ ነው። መጀመሪያ ከአፉ መሀል እስከ መቀመጫው መሀል አንድ ቀጭን ቀጥ ያለ መስመር አውርዱ። ይህ የጀበናው አከርካሪ ነው። ከዚያ አፉን፣ አንገቱን፣ ሆዱን፣ መቀመጫውን አንድ በአንድ በሞላላ ክብ ሳሉ። የያንዳንዱ ሞላላ አጭሩ ስፋት በአከርካሪው ላይ ይተኛል፣ ረጅሙ ስፋት አከርካሪውን ቀጥ አድርጎ ያቋርጠዋል። ከፊት የሚታየውን ቅስት ብቻ ሳይሆን ከኋላ ያለውንም ዙሩት። የኋላው ግማሽ ካልተሳለ የፊተኛው ጫፉ ላይ ይሾላል፣ ያን ጊዜ ጀበናው ክብ መሆኑ ይቀርና ሁለት ጥግ ያወጣል።

ሞላላዎቹ እኩል አይከፈቱም። ከዓይናችሁ ልክ እየራቁ በወረዱ ቁጥር እየሰፉ፣ ወደ ክብ እየተጠጉ ይሄዳሉ። ስለዚህ የመቀመጫው ሞላላ ከአፉ ይልቅ የተከፈተ ነው። እኔ ይህን ለማመን ረጅም ጊዜ ወስዶብኛል፤ እጄ አፉን ሰፊ አድርጎ መቀመጫውን በቀጥታ መስመር መዝጋት ይወድ ነበር፣ ጠረጴዛው ቀጥ ያለ ነው ብሎ። ጀበናው ዘንበል ብሎ ሲቀዳ ደግሞ አከርካሪው አብሮ ያዘነብላል፣ ሞላላዎቹም ሁሉ ተከትለውት ይዞራሉ። የሚቀዳ ጀበና ሥዕል ላይ አፉ አግድም ተኝቶ ካገኛችሁት ሠዓሊው አከርካሪውን ረስቶታል ማለት ነው።

ለዚያው ጠረጴዛ የሚሆን፣ መቀመጫው ሰፋ ያለና ያለ ማቶት የሚቆም ጀበና ፈልጌ ወለቃ ሄድኩ። ወለቃ ከከተማችን ወጣ ብላ በደባርቅ መንገድ ላይ ያለች፣ በቤተ እስራኤል ሸክላ ሥራ ስሟ የሚነሣ መንደር ናት። ሸክላ የሚሠሩት እናት የሚሽከረከር መደብ የላቸውም፣ ጭቃውን በእጃቸው እያዞሩ፣ እየደረቡ፣ በውኃ እያለሰለሱ ያሳድጉታል። ወረቀትም አይዙም። የኔን ንድፍ ግን ተቀብለው በደንብ አዩት። ጡት ያለው ጀበና ነበር የሳልኩት፣ ጡቱን አጭርና ዝቅ ያለ አድርጌ። ለዓይን ያምር ነበር።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ ሳይሞላ ይፈሳል» አሉኝ። ጭቃ የነካ ጣታቸውን ከጡቱ ጫፍ አስነሥተው እስከ ጀበናው ሆድ ድረስ አግድም ሳቡት። ቡናማ መስመር ወረቀቴ ላይ ቀረ። «ቡናሽ እስከዚህ ነው። ሲገነፍልስ?»

ያንን ወረቀት ዛሬም አስቀምጬዋለሁ። በአንድ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በሆዱም በጡቱም እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ጀበናው መያዝ የሚችለው እስከ ጡቱ ጫፍ ልክ ብቻ ነው፣ አንገቱ የቱንም ያህል ቢረዝም። እኔ ውጪውን ብቻ ስላየሁ አልታየኝም። እንደ ሎሚ ከመሀሉ ቆርጬ ግማሹን ብስለው ኖሮ፣ የግድግዳውን ውፍረት በሁለት መስመር አሳይቼ ውስጡ ቡናውን በአንድ አግድም መስመር ባስቀምጠው ኖሮ፣ ወለቃ ሳልደርስ አውቀው ነበር። ቁርጥ እይታ የምንለው ይህ ነው። ብዙ ሰው ለመሐንዲስ ብቻ የሚያስፈልግ ይመስለዋል። እኔ አሁን ከውጪው ሥዕል በፊት እሱን ነው የምሠራው፣ ፈሳሽ ለሚይዝ ዕቃ ሁሉ። ጡቱን ወደ አፉ ከፍታ አስጠጋሁት፣ እሳቸውም በዚያው ልክ ሠሩልኝ።

ጎንደር ለሚኖር ሰው መለማመጃ ሞልቶለታል። ፋሲል ግቢ ገብታችሁ ከአፄ ፋሲል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ተቀመጡ። በአራቱ ማዕዘን ያሉት ክብ ግንቦች ጉልላታቸው የሚጀምርበትን ዙሪያ እዩ፤ ከዓይናችን በላይ ስለሆነ ቅስቱ ወደ ላይ ይጎብጣል። የሲኒ አፍ ላይ የምናየው ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ከዓይናችን በታች ስለሆነ የፊቱ ቅስት ወደ ታች ይጎብጣል። በመካከላቸው፣ ልክ በዓይናችን ከፍታ ያለ ክብ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይታያል። ይህን በአንድ ጠዋት ግንቡን አይቶ የተረዳ ሰው መጽሐፍ ከማንበብ ይገላገላል። ቤት ውስጥ ደግሞ መሶብ አለ። ስፌቱ ዙር በዙር ስለሆነ አክርማውና አለላው ራሱ ሞላላዎቹን አስምሮ አስቀምጦላችኋል፣ የት እንደሚሰፋ፣ የት እንደሚጠብብ ሳይደብቅ። የእናቴን መሶብ ስንት ጊዜ እንደሳልኩት ቁጥሩን አላውቀውም።

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም። የምጠቀመው ሰማያዊ ቢክ እስክርቢቶና የፎቶ ኮፒ ወረቀት ነው። እስክርቢቶ አይጠፋም፣ ስለዚህ መጀመሪያ በጣም አቅልሎ መሳል ግድ ይላል። እጅን ሳይጫኑ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች መፈለግ፣ ትክክለኛው ሲገኝ ብቻ ጫን ማለት። ረጅም መስመር ከእጅ አንጓ አይወጣም፣ ከትከሻ ነው የሚወጣው። ወረቀቱን ሳትነኩ ሁለት ሦስት ጊዜ በላዩ አመላልሱና ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ሳቡት። እስክርቢቶው ራሱም ጥሩ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ለገበያ ከቀረበ ጀምሮ ቅርጹ ብዙም አልተለወጠም፤ ባለ ስድስት ጎን ስለሆነ ከጠረጴዛ ላይ አይንከባለልም፣ አካሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳም ውስጡ ያለውን አየር ከውጪው ጋር ታስተካክላለች። ክዳኑን፣ ጫፉን፣ የቀለም ቱቦውን፣ አካሉንና የኋላ መድፈኛውን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ እያራራቃችሁ ሳሉት። ክፍሎቹ የሚለያዩት በሚገጣጠሙበት ቅደም ተከተል ነውና ሥዕሉን ያየ ሰው ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ሳይነገረው ያውቃል።

ለበያጁ የምሰጠው ወረቀት አሁን ሌላ ነው። የፊት፣ የጎን፣ የላይና የጀርባ እይታ፣ እያንዳንዱ ከነልኩ። እይታዎችን እንዲህ አዛምዶ የመሳልን ዘዴ ሥርዓት ያስያዘለት ጋስፓር ሞንዥ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ ለምሽግ ሥራ ስለሚጠቅም መንግሥቱ ለዓመታት በወታደራዊ ምስጢርነት ይዞት ነበር። ከጎኑ አይሶሜትሪክ የሚባል፣ ሦስቱን ገጽ አንድ ላይ የሚያሳይ ሥዕል እጨምራለሁ። እሱ ላይ መስመሮቹ ወደ ሩቅ ነጥብ አይሰበሰቡም፣ በሦስቱም አቅጣጫ ልኩ አንድ ነው፣ ስለዚህ ማስመሪያ ይዞ መለካት ይቻላል። ፐርስፔክቲቭ፣ ሩቁን አሳንሶ እንደ ዓይን የሚያሳየው ሥዕል፣ ለደንበኛ ነው፣ እሷ ዕቃውን ፒያሳ ቆሞ ማየት ትፈልጋለች። በያጁ ግን በፐርስፔክቲቭ ላይ ሜትር ቢያስቀምጥ የሩቁ እግር ከቅርቡ አጥሮ ያገኘዋል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስገባ ይህ ነገር ትዝ ይለኛል። በጥንቱ የሥዕል ሥርዓታችን ጻድቅ ፊቱን ሙሉ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን ይሳላል። ጣሪያው ላይ ካሉት መላእክት አንዱም የፊቱን ግማሽ አልደበቀብንም። እነዚያ ሠዓሊዎች ለሚያዩት ሰው ምን መታየት እንዳለበት ወስነው ነው ብሩሽ ያነሡት።

ሁለተኛውን ጠረጴዛ የጀመርነው በዚህ ጥር ነው። ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው ግድግዳው ላይ አልሰቀሉትም። «ቆይ፣ ደንበኛሽን ጥሪያት» አሉ። ጠመኔ አነሡና የጎን እይታውን ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ለአንድ፣ በእውነተኛ ልኩ አሰመሩት። 70 ሴንቲ ሜትር ቁመት ሰጥቼው ነበር፣ ወረቀት ላይ ተመጣጣኝ ነው። ደንበኛዬ በርጩማዋን ይዛ መጣችና ከመስመሩ ጎን ተቀመጠች። የጠረጴዛው ገበታ ደረቷ ላይ ደረሰ። ጀበና እንደያዘች እጇን ስታነሣ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ ወጣ። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ልትቀዳ አትችልም። ጋሼ መስመሩን በመዳፋቸው ጠርገው ዝቅ አደረጉት፣ እንደገና ዝቅ አደረጉት፣ 52 ላይ ስንደርስ ክንዷ ዘና አለ።

«እንዲህ ይሁንልኝ» አለች።

ጋሼ ወደ ሌላው የግድግዳ ክፍል ዘወር ብለው ጠመኔውን ለኔ ዘረጉልኝ። «ጀርባውን አንቺ ሳይልኝ» አሉ።