ምንጭ ልታሠሩ ነው? መዋጮውን ወረዳ ካዝና አታስገቡ

ይህን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ነግሮን ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስለምቆጭ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ከጮቄ ተራራ በታች ባለች አንዲት ጎጥ ምንጭ አጎልብተናል። ራሳችን አዋጥተን፣ ራሳችን ድንጋይ ተሸክመን። ውሃው ዛሬም ይፈስሳል። በአንድ በጋ ማለቅ የነበረበት ሥራ ግን ሁለት በጋ ፈጀ። ያዘገየን ድንጋዩ አይደለም። ሕዝቡም አይደለም። የገዛ ገንዘባችን ከወረዳ ካዝና አልወጣ ብሎ ነው።

እኔ በቀበሌው ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። መጻፍ ትችላለህ ተብዬ የኮሚቴው ጸሐፊ ሆንኩ።

ጮቄን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከእሱ ስንት ወንዝ ተነሥቶ ዓባይ ይገባል። እግሩ ሥር ያሉ እናቶች ግን ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ ይቀዱ ነበር። ልጆቹ በሆድ ሕመም ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ክፍል ውስጥ ስም ስጠራ የማይመልሱት እነማን እንደሆኑ፣ ከየትኛው መንደር እንደሆኑ አውቅ ነበር። ለዚህ ነው እሺ ብዬ የገባሁበት።

ቀላል የሆነውን ቶሎ ልለፈው። መጀመሪያ ምንጩን ለካን። ሃያ ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በሞባይል ሰዓት ማየት ነው። የእኛ ሰማንያ ሰከንድ ገደማ ወሰደ። በቀን ከ21,000 ሊትር በላይ ማለት ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (ከ2008 እስከ 2012) ለገጠር የተያዘው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ሳይርቅ ነበር። ሌሊት የሚፈስሰውን የሚይዝ ገንዳ ካለ ከ800 ሰው በላይ ያጠጣል። ለእኛ ጎጥ ይበቃል። ብቻ በመጋቢትና በሚያዝያ ለኩ። በመስከረም አትለኩ። በመስከረም ጎጃም ውስጥ ሜዳው ሁሉ ምንጭ ነው።

ኮሚቴውን የመረጥነው እዚያው ምንጩ ዳር ነው፣ በጠዋት። የወረዳው ባለሙያ በቀበሌ ስብሰባ ይመረጥ ብሎን ነበር። የቀበሌ ስብሰባ ላይ የሚመጣው አባወራው ነው። ውሃ የምትቀዳው ሚስቱና ልጁ ናቸው። ጠዋት ምንጩ ዳር ስትሰበስቡ ግን እንስራ ያዘለችው ሁሉ አለች። ገንዘብ ያዧ ሴት ትሁን። ይህን አጥብቄ የምለው ለወጉ አይደለም። ውሃው ሲቆም ጀርባዋ የሚጎብጠው እሷ ስለሆነች ነው። የእኛዋ አንዲት ሳንቲም ሳትጎድልባት ይኸው እስከ ዛሬ አለች።

ድንጋዩና አሸዋው አላስቸገረም። ደቦ የለመደ ሕዝብ ነው። ቄሶቹ ከቅዳሴ በኋላ አወጁልን፣ ሰው ወጣ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ጥርና የካቲት ላይ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ አለ። ሰውን በአንድ ሳምንት ሁለት ቦታ አታስወጡት። ከቀበሌው ጋር ተነጋግራችሁ ቀኑን ለዩ። ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ መድኃኔዓለምን ለስብሰባ ተጠቀሙባቸው። ሰው እርሻ ስለማይወጣ ያዳምጣል።

ባሕር ዛፉም ነበር። ከምንጩ ዓይን በላይ አንድ ጎረቤታችን ተክሎታል። ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፣ ሥሩም ግንቡን ይሰነጥቃል። ሰውየው ግን ለልጁ ሠርግ ያቆየው ሀብቱ ነው። ሽማግሌ ላክንበት። ገዢ ፈልገን፣ ጎጡ ራሱ ቆርጦ መንገድ ድረስ ተሸክሞለት ሸጠ። ሥሩንም ነቀልነው። ሰውየው ዛሬ የምንጩ ዋና ጠባቂ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሕዝብ ይፈታዋል። ማኅተም አያስፈልገውም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልግባ።

መዋጮውን የሰበሰብነው በጥር ነው። ጤፉ ተወቅቶ፣ ገሚሱ ተሽጦ፣ ሰው እጅ ላይ ብር ያለበት ወር ነው። ግንቦት ላይ ገበሬው ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ያስባል። ነሐሴ ላይ ጎተራው ባዶ ነው። ብር ያላገኘ እህል አመጣ። አንዲት አሮጊት የጠላ ሽያጫቸውን በመሐረብ ጫፍ ቋጥረው አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። ቁጥሩት አሉን። ቆጠርን።

ብሩን በኮሚቴው ስም ባንክ እናስገባ ብለን ወረዳ ሄድን። የሚመለከተው ኃላፊ በደንብ ተቀበለን። «ኮሚቴ ሕጋዊ ሰውነት የለውም» አለን። «ዕውቅና የምታገኙት ሥራው አልቆ ርክክብ ሲደረግ ነው። እስከዚያ ወረዳው ካዝና አስገቡት። መንግሥት ቤት ያለ ገንዘብ የትም አይሄድም።»

ሰብሳቢያችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ይኼ እኮ የሕዝብ አደራ ነው» አሉት።

«አባቴ፣ ምንም አያስቡ» አላቸው።

ሰውየው የነገረን ልክ አልነበረም። ለውሃ ኮሚቴ ገንዘብ በእጁ መስጠት አማራ ክልል ውስጥ ያደገ አሠራር ነው። ከፊንላንድ መንግሥት ጋር በተሠራው የገጠር ውሃ ፕሮግራም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለኮሚቴዎቹ ይለቀቅ ነበር። ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው ተቋም ማለት ነው። ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ግንበኛውን የሚቀጥረው፣ ሒሳቡን የሚያወራርደው ኮሚቴው ራሱ ነበር። አሠራሩ ስለሠራ ወደ ሌሎች ክልሎችም ሄዷል። እኔ ይህን ያወቅሁት ገንዘባችን ከታሰረ በኋላ፣ ከአንድ ጡረታ የወጣ የውሃ ባለሙያ ነው። ያ ኃላፊ ግን ሥራው ነበር፣ ማወቅ ነበረበት።

ገንዘቡን አስገባን። ሞዴል 64 የሚባለው የመንግሥት ገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ተቆረጠልን። ምክንያት በሚለው መስመር ላይ ሠራተኛው «የማህበረሰብ መዋጮ» ብሎ ጻፈ። የጎጣችን ስም የለም። ምንጭ የሚል የለም። ይጻፍልን ብንል «ይበቃል፣ እናንተ ደረሰኙን ብቻ አትጣሉት» አለ።

ከዚያ ሲሚንቶ እንግዛ አልን። አሁን ግን ገንዘቡ የእኛ አይደለም፣ የመንግሥት ሆኗል። በመንግሥት ግዢ ሕግ ነው የሚወጣው። ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም ከሦስት ነጋዴ የዋጋ ማቅረቢያ፣ አምጡ ተባልን። በአቅራቢያችን ሲሚንቶ የሚሸጠው ሰው የቫት ተመዝጋቢ አይደለም። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ሄደን ሦስት ፕሮፎርማ አሰባሰብን። የፕሮፎርማ ዋጋ የሚጸናው ለጥቂት ቀን ነው። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ቀኑ አለፈ። ሲሚንቶ ጨመረ። ሌላ አምጡ ተባልን። ሌላ ስናመጣ የሚፈርመው ሰው ስልጠና ሄዷል። ከስልጠና ሲመለስ ግምገማ ተቀምጧል። ከግምገማው በኋላ ደግሞ ተነሥቶ ሌላ ወረዳ ተመደበ። አዲሱ ጉዳዩን ከመጀመሪያው አስረዱኝ አለ።

ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የሚሆነው ድንጋዩ ምንጩ ዳር ተቆልሎ፣ አሸዋው ተከምሮ፣ ግንበኛው ሌላ ሥራ ትቶ እየጠበቀ ነው። ምንጭ የሚገነባው ከጥር እስከ ግንቦት ነው። ከዚያ በኋላ ጎርፉ አሸዋውን ይወስደዋል፣ መሠረቱም ውሃ ይሞላዋል። ይህን ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ነግረናል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። «ልክ ናችሁ፣ ነገ ኑ» ይላል። ነገ ማለት ለእኛ ሌሊት ተነሥቶ በእግር መሄድ፣ ክፍል አስፈቅዶ መቅረት፣ ሰብሳቢያችንን በዚያ ዕድሜያቸው ዳገት ማስወጣት ነው።

ሰኔ ሚካኤል አለፈ። ዝናቡ ገባ። ሰኔ 30 ሒሳብ ተዘጋ። ሐምሌ ላይ ስንሄድ በዚያ ስም የተያዘ ገንዘብ የለም ተባልን። ከሌሎች ቀበሌዎች መዋጮ ጋር ተጠቃልሎ በአንድ መደብ ገብቷል። የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልቻሉም። ያ ሠራተኛ ደረሰኙ ላይ አንድ መስመር አልጽፍም ስላለ!

ያን ክረምት ሰብሳቢያችን ሰንበቴ መሄድ ተዉ። ማንም ሌባ ብሎ አልተናገራቸውም። ግን ሰው ሰላምታ ሲሰጣቸው «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ይላል። በልቅሶ ቤት ይጠየቃሉ። በገበያ ይጠየቃሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ወረዳው የወሰደብን ጊዜ ብቻ አይደለም። የእሳቸውን ስም ነው የነካው። ያን ለማንም ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ገንዘቡን ያወጣችልን አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ኃላፊ አይደለችም። ሽማግሌዎቹ ጃንጥላቸውን ይዘው ቢሮው በር ላይ ቁጭ ባሉበት ቀን ወጥታ «እማማ፣ ምን ሆናችሁ ነው?» አለች። እኚያ በመሐረብ ብር ያመጡት አሮጊት ነበሩ የነገሯት። የሞዴል 64ቱን ቁጥር ወሰደች። መዝገቡን ገጽ በገጽ አወረደችው። አገኘችው። ያኔ አንድ ሰው ቢፈልገው ኖሮ መገኘት የሚችል ነገር ነበር ማለት ነው።

ገንዘቡ ተለየ። ቢሆንም አሁንም በእጃችን አልሰጡንም። ሲሚንቶው ተገዝቶ ወረዳው መጋዘን ገባ። ሞዴል 19 በሚባል ቅጽ ገቢ ይሆናል፣ ሞዴል 22 በሚባል ቅጽ ወጪ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ሲሚንቶው በእርጥብ መጋዘን ተቀመጠ። ሲደርሰን ገሚሱ ጆንያው ውስጥ ድንጋይ ሆኗል። ለጎደለው እንደገና አዋጡ ብለን ሕዝቡን ለመንን። አንዳንዱ አልሰጥም አለ። እውነቱን ነው። እኔም ብሆን አልሰጥም ነበር።

ሁለተኛውን መዋጮ ግን ወረዳ አላስገባንም። ሒሳብ ከፈትን። አይከፈትም የተባለው ማለቴ ነው። የያዝነው ሁሉም ተሳታፊ የፈረመበትና አውራ ጣቱን ያሳረፈበት ቃለ ጉባኤ፣ ከቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ፣ የሦስት ፈራሚዎች መታወቂያና ፎቶግራፍ ነው። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ እንቢ አለን። ሌላ ዘንድ ሄድን፣ እዚያ ያለው ሰው አንብቦ ጠየቀን፣ ከዚያ ከፈተልን። ሦስቱም ካልፈረሙ ገንዘብ አይወጣም። ደብተሩ ገንዘብ ያዧ ዘንድ ነው። ሂሳቡ በየወሩ ከሰንበቴ በኋላ ጮክ ብሎ ይነበባል። በዚያ ብር ሲሚንቶውን ከሰፈራችን ነጋዴ፣ በደረሰኝ፣ በአንድ ጠዋት ገዛን። ገንዳውም ቦኖውም ከፋሲካ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አለቀ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፣ ወረዳው የፈለገውን ይበል። ሒሳብ ሳትከፍቱ አንዲት ብር አትሰብስቡ። አንድ ቅርንጫፍ እንቢ ካለ ሌላ ሂዱ። ከፈራሚዎቹ አንዱም የመንግሥት ሠራተኛ አይሁን፣ እኔን አስተማሪውን ጨምሮ። ሠራተኛ ይዛወራል፣ ፊርማው አብሮት ይሄዳል። ለማንኛውም ቢሮ ገንዘብ መክፈል ግዴታ ከሆነባችሁ ደረሰኙ ላይ የጎጣችሁ ስምና የሥራው ስም እስኪጻፍ ከመስኮቱ አትነሡ። ከኋላችሁ ያለው ሰልፈኛ ቢቆጣም አትነሡ። ወረዳውን ለባለሙያ ጠይቁት፣ ለዲዛይን ጠይቁት፣ ለውሃ ምርመራ ጠይቁት። እዚያ ላይ ጥሩ ሰዎች አሉ፣ ረድተውናልም። ገንዘብ ግን አታስይዙት።

ውሃው ከወጣ በኋላ ወርኃዊ ክፍያውን ከመጀመሪያው ወር ጀምሩ። ምንም ያልተበላሸ ጊዜ ለምን እንከፍላለን የሚል ይመጣል። መጀመሪያ የሚበላሸው የቦኖው ቧንቧ ራስ ነው፣ እሱም ሩቅ አይደለም። ለጥበቃው እህል እንሰጣለን። አጥሩን በየዓመቱ እናድሳለን። ከምንጩ በላይ ያለውን የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ክረምት ሳይገባ እንጠርጋለን።

ባለፈው ጥር ከወንዝ ማዶ ያለ ጎጥ ሰዎች ቤቴ መጡ። ወረዳ ሄደው ያንኑ ምክር ሰምተው ነው፣ ካዝና አስገቡ ተብለው። የቃለ ጉባኤያችንን ኮፒ፣ የድጋፍ ደብዳቤውን ኮፒ፣ የከፈተልንን ቅርንጫፍ ስም ሰጠኋቸው። ሰብሳቢያችንም አብረዋቸው ሄዱ። ሒሳቡን ከፍተው ነው መዋጮ የጀመሩት።