የአደጋ ጊዜ ልምምድ በባግራም፦ ሐኪም ያልሆነ ወታደር ድርሻ

በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሆኜ አፍጋኒስታን፣ ባግራም በቆየሁበት ግዳጅ ሥራዬ የተሽከርካሪ መለዋወጫ መመዝገብ፣ ማከማቸትና ማከፋፈል ነበር። ሐኪምም የሕክምና ረዳትም አልነበርኩም፤ ሆኖም ከዚያ ቆይታዬ አብልጬ የማስበውና ሌሎችም እንዲያውቁት የምፈልገው በሰፈሩ ውስጥ ደጋግመን ያደረግነውን የአደጋ ጊዜ ልምምድ ነው። በጦር ሜዳ የቆሰለ ሰው መትረፉ ወይም መሞቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ነው፤ በእነዚያ ደቂቃዎች አጠገቡ የሚገኘው ሰው ደግሞ መዝገብ ያዥ፣ ሾፌር ወይም የወጥ ቤት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል።

ባግራም ከካቡል በስተ ሰሜን በፓርዋን ግዛት የሚገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሜዳ ነው። አየር ማረፊያውን በ1950ዎቹ የሠሩት ሶቪየቶች ሲሆኑ፣ በ1980ዎቹ ጦርነታቸውም ዋና ሰፈራቸው ነበር፤ አሜሪካኖች ደግሞ ከ2001 መጨረሻ ጀምሮ ጥለውት እስከ ወጡበት እስከ ጁላይ 2021 ድረስ ተቀምጠውበታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሰፈሩ ውስጥ ወታደሮች፣ በኮንትራት የተቀጠሩ ሲቪሎችና ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ሠራተኞች ይኖሩበት ስለነበር፣ የራሱ መንገድ፣ ሆስፒታልና የምግብ አዳራሾች ያሉት አንድ ከተማ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

የሰፈሩ ኑሮ ከውጭ ሆኖ ለሚያስበው ሰው ከሚመስለው እጅግ የተለመደ ዓይነት ኑሮ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ከፈረቃው የሚወጣ ወታደር ልብሱን ለአጣቢዎች ያደርሳል፣ ይበላል፣ ስፖርት ይሠራል፣ ይተኛል። ጠብመንጃ ከሰው አይለይም፤ ወደ ምግብ አዳራሽም ወደ መታጠቢያ ቤትም አብሮ ይሄዳል። መጠጥ በትእዛዝ የተከለከለ ነበር። ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ጋር ያለው የሰዓት ልዩነት እንደ ወቅቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ወይም ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ስለሆነ፣ ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር የሚፈልግ ሰው ከእንቅልፉ ቀንሶ ነው። የጄኔሬተሩና የአውሮፕላኑ ድምፅ ሌት ተቀን አያቋርጥም፤ ሰው ግን ይለምደዋል። እኔን ያሳስበኝ የነበረውም ይኸው መልመድ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ የሚወጣ ቅኝት ዘወትር ንቁ ሆኖ ሲኖር፣ በአጥሩ ውስጥ ወረቀት የሚያገላብጠው ሰው ግን ጦርነት ውስጥ መሆኑን ቀስ በቀስ ይዘነጋል።

ይህን መዘናጋት የሚሰብረው አንዱ ነገር ማንቂያው ነው። በዚያ አካባቢ በብዛት ይተኮስብን የነበረው 107 ሚሊሜትር ሮኬት ሲሆን፣ ተኳሾቹ ብዙ ጊዜ በድንጋይ ወይም በአፈር ቁልል ላይ ደግፈው ከሩቅ ስለሚለቁት የት እንደሚያርፍ እነርሱም በእርግጠኝነት አያውቁም ነበር። ራዳሩ የተተኮሰውን ሲይዝ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፤ ከጩኸቱ እስከ ፍንዳታው ያለው ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው። በልምምድ አስቀድሞ የሚሰጠው ትምህርት ታዲያ መሮጥ ሳይሆን ባሉበት መሬት ላይ መለጠፍ ነው። የሮኬት ፍንጣሪ ወደ ጎንና ወደ ላይ ስለሚበተን፣ መሬት የያዘ ሰው ቆሞ ከሚሮጠው የተሻለ የመትረፍ ዕድል አለው። ወደ ኮንክሪቱ ምሽግ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ የሰው ተፈጥሮ ግን ሲደነግጥ እግሬ አውጪኝ ማለት ነውና፣ ተቃራኒውን እንዲያደርግ ሰውነቱን ማስተማር የሚቻለው በመደጋገም ብቻ ነው።

ከማንቂያው በኋላ የሚመጣው ቆጠራ ነው፤ እኔ በግሌ ከልምምዱ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው እላለሁ። እያንዳንዱ ክፍል ሰዎቹን በሙሉ በስም አረጋግጦ ሪፖርት እስኪያደርግ ድረስ ሰፈሩ ነፃ ተብሎ አይታወጅም። ሌሊት ፈረቃ ሠርቶ የተኛ፣ ገላውን እየታጠበ የነበረ፣ ሌላ ክፍል ሄዶ ወዳጁን የሚጠይቅ፣ ፖስታ ሊያመጣ የወጣ ሰው አለ፤ እነዚህን ሁሉ በጨለማ ከየምሽጉ እየለቀሙ ማረጋገጥ ግድ ነው። ያልተገኘ አንድ ስም ማለት ምናልባት የሆነ ቦታ ደሙ እየፈሰሰ ያለ ሰው ማለት ስለሆነ፣ ጥሩ አስር አለቃ በአዘቦት ቀንም ቢሆን ማን የት እንደዋለ ያውቃል።

ስለ ቁስል ደግሞ ቁጥሩን ማወቅ ይጠቅማል። ከ2001 እስከ 2011 በነበሩት ጦርነቶች የሞቱ 4,596 የአሜሪካ ወታደሮችን ጉዳይ የመረመሩ ሐኪሞች በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ከሟቾቹ 87 በመቶ ያህሉ ሕይወታቸው ያለፈው ሕክምና መስጫ ቦታ ሳይደርሱ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሩብ የሚጠጉት ሊተርፉ ይችሉ የነበረ ቁስል የነበረባቸው ሲሆኑ፣ ሊተርፉ ይችሉ ከነበሩት መካከል 91 በመቶ ያህሉን የገደለው የደም መፍሰስ ነው። ስለዚህ የልምምዱ ልብ ቱርኒኬት፣ ማለትም የሚደማ እጅን ወይም እግርን በዘንግ እየተጠመዘዘ አጥብቆ ደሙን የሚያቆም ቀበቶ መሰል ማሰሪያ ነው።

ቱርኒኬት ማሰር ምን እንደሚመስል በዝርዝር ልናገር፤ ያላየው ሰው እንደ ማንኛውም ፋሻ ሊያስበው ይችላልና። ማሰሪያው ከቁስሉ በላይ፣ ወደ ልብ በሚያመራው በኩል፣ ከመጋጠሚያ ላይ ሳይሆን ከዚያ ከፍ ብሎ ይገባል፤ ተኩስ ካለ ደግሞ ቁስሉን ለመፈለግ ጊዜ ሳይጠፋ በልብሱ ላይ እስከሚቻለው ድረስ ወደ ብብት ወይም ወደ ታፋ ሥር ከፍ ተደርጎ ይታሰራል። መጀመሪያ ቀበቶው ጣት እስከማያስገባ ድረስ ይጎተታል፤ ቀበቶው ከላላ ዘንጉን የቱንም ያህል ቢያዞሩት አይረዳም። ከዚያ ዘንጉ ደሙ እስኪቆም ይዞራል፣ በማቀፊያው ይቆለፋል፣ ሰዓቱም ይጻፍበታል። የሕክምና ረዳቶቹ አጥብቀው ያስተማሩን ግን ሌላ ነገር ነው፦ በትክክል የታሰረ ቱርኒኬት እጅግ ያማል፤ ቁስለኛው ይጮኻል፣ ተው ብሎ ይለምናል፣ እጅህን ይይዛል፤ አዛኝ ሰው በዚያች ቅጽበት ማዞሩን ያቆማል። በግማሽ የታሰረ ቱርኒኬት ወደ ውስጥ የሚገባውን ደም ሳያቆም የሚመለሰውን ስለሚያግድ ጭራሽ መፍሰሱን ሊያባብሰው ይችላል። በዚህ ምክንያት እርስ በርስ እውነተኛ ሕመም እስኪሰማን ድረስ እያሠርን፣ በአንድ እጅ፣ በግራ እጅ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ጓንት አድርገን፣ በሆዳችን ተኝተን ተለማመድነው።

ቀጥሎ ያለው ትምህርት ብዙዎችን ያስገርማል። በዚያ የሚያቃጥል የቀን ሙቀት፣ ሁላችንም ላባችን እየተንጠፈጠፈ፣ ቁስለኛውን በብርድ ልብስ እንድንጠቀልል እንታዘዝ ነበር። ብዙ ደም ያፈሰሰ ሰው ሙቀቱን መጠበቅ አይችልም፤ ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ደሙ የመርጋት አቅሙን ያጣል፤ ደሙ ካልረጋ ይበልጥ ይፈሳል። በሄሊኮፕተር ሲጫን ከተከፈተው በር የሚገባው ነፋስ ደግሞ ይጨመርበታል። አንድ ብርድ ልብስ ዘርግቶ ከሥሩም ከላዩም መጠቅለል ምንም የሕክምና ዕውቀት የማይጠይቅ ሥራ ስለሆነ፣ የእኛ የመጋዘን ሠራተኞች ድርሻ ነበር።

ከሁሉም ትልቁ ልምምድ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲቆስል የሚደረገው ነው። ወታደሮች የቁስለኛ ድርሻ ተሰጥቷቸው በቀለምና በጎማ ሰው ሠራሽ ቁስል ይሠራላቸዋል፤ አንገታቸው ላይ የትንፋሽና የልብ ምታቸውን ቁጥር የያዘ ካርድ ይንጠለጠላል። ከተቀረነው አንዳንዱ ቃሬዛ ተሸካሚ፣ አንዳንዱ መዝጋቢ፣ አንዳንዱ በር ጠባቂ ይሆናል። ለይቶ ማስተናገዱን የሚመራው ሐኪም በየቃሬዛው ላይ ጎንበስ ብሎ በአፍታ ይወስናል፤ አሁኑኑ ካልታከመ የሚሞት፣ ጥቂት መቆየት የሚችል፣ በእግሩ መሄድ የሚችል፣ እና ጉዳቱ ካለው ሰውና ዕቃ አንጻር ሊተርፍ የማይችል ተብሎ ቁስለኛው ከአራት ይመደባል።

አንድ ጊዜ የተሰጠኝ ካርድ ከአራተኛው ምድብ አስገባኝ። ቃሬዛዬን አንስተው ከሌሎቹ ራቅ ወዳለ ጥግ ወሰዱኝ፤ ሐኪሞቹ በአጠገቤ ሲሮጡ አይቼ ማንም ወደ እኔ አልመጣም። ልምምድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ደሙም ቀለም ነው፤ ያም ሆኖ መተው ምን እንደሚመስል በሰውነቴ ተረዳሁት። ጥቂት ቆይቶ አንድ የሃይማኖት አገልጋይ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ እጄንም ያዘ። የመጣው በዕቅዱ መሠረት ነው፤ እዚያ ጥግ የተኛ ሰው ብቻውን እንዳይሆን አንድ ሰው አስቀድሞ ይመደባል፤ ሐኪሙም ፋታ ባገኘ ቁጥር ተመልሶ ምድቡን እንደገና ያያል፤ ከአራተኛው ወደ አንደኛው የሚዛወርም አለ። ይህን ሥርዓት ያሰበው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም በልቤ አመስግኜዋለሁ።

ከሆስፒታሉ ጋር ያለን ሌላው ግንኙነት ደም ነበር። የተከማቸው ደም በብዙ ቁስለኞች ምክንያት ቶሎ ሊያልቅ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ተመርምረው የደም ዓይነታቸው የተመዘገበ ወታደሮች ዝርዝር ይያዛል፤ ጥሪ ሲመጣ ከሥራቸውም ከእንቅልፋቸውም ተነስተው ይሰለፋሉ፣ ትኩሱ ደምም ወዲያውኑ ወደ ቁስለኛው ይሄዳል። ይህም ልምምድ ይደረግበታል፤ የደም ዓይነትን ማሳሳት ሰው ስለሚገድል፣ ስሙና ምልክቱ በሁለት ሰው እየተነበበ ይረጋገጣል።

በ2009 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ጌትስ ቁስለኛን የማንሳት ግዳጅ በ60 ደቂቃ ውስጥ እንዲፈጸም ባዘዙ ጊዜ፣ ያ ሰዓት የሁላችንም ሰዓት ሆነ። በኋላ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከትእዛዙ በፊት 90 ደቂቃ የነበረው መካከለኛ የማጓጓዣ ጊዜ ወደ 43 ደቂቃ ወርዷል፤ ከቆሰሉት መካከል የሚሞቱትም ከ13.7 በመቶ ወደ 7.6 በመቶ ቀንሰዋል። ሄሊኮፕተር ለመጥራት በሬዲዮ የሚነበብ ዘጠኝ መስመር ያለው መልእክት አለ፤ ቦታው፣ የሬዲዮ ሞገዱ፣ የቁስለኞቹ ብዛትና አስቸኳይነት፣ የሚያስፈልገው ልዩ መሣሪያ፣ በቃሬዛ ስንት በእግር ስንት የሚሉት አምስቱ ከደረሱ ሄሊኮፕተሩ ሊነሳ ይችላል፤ ቀሪው በመንገድ ላይ ሳለ ይነገረዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ሬዲዮ ይዞ በድንጋጤ ሲዘባርቅ ደቂቃዎች ይቃጠላሉ። እኛ እየሮጥን፣ ትንፋሻችን እየተቆራረጠ እስክናነበው ድረስ አጥንተነዋል።

ከየልምምዱ በኋላ ግምገማ አለ፤ ማዕረግ ሳይገድበው ሁሉም ያየውን ጉድለት ይናገራል። በር ላይ የቆመው አምቡላንሱን መልሶታል፣ ቃሬዛው በኮሪደሩ መታጠፊያ አላልፍ ብሏል፣ ሁለት መዝጋቢዎች ለአንድ ቁስለኛ ሁለት ቁጥር ሰጥተዋል የሚሉት ነጥቦች የሚወጡት እዚያ ነው። ልምምዱን ለሪፖርት ብቻ ብለው ረፋድ ላይ፣ ሰው ሁሉ ተሟልቶ ባለበት፣ አስቀድመው አስታውቀው የሚያስደርጉ አለቆችም ገጥመውኛል፤ በዚህ አዝኜ ነበር፣ ዛሬም አዝናለሁ። ጠላት ረፋድን አይመርጥም። በሴፕቴምበር 2012 በሄልማንድ ግዛት የነበረውን ካምፕ ባስቲዮንን የአሜሪካ ወታደር ልብስ የለበሱ 15 ታጣቂዎች ሰብረው የገቡት በሌሊት ነበር፤ ሁለት ወታደሮች ተገድለዋል፣ ስድስት የጦር አውሮፕላኖችም ወድመዋል። በኖቬምበር 2016 ደግሞ በዚያው በባግራም፣ በሰፈሩ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ ሰው የታጠቀውን ቦምብ ማለዳ ለሩጫ በተሰበሰቡ ሰዎች አጠገብ አፈንድቶታል። በእነዚህ ሁለት ጥቃቶች ቀድመው ቁስለኛ ፊት የተገኙት እዚያው የሚሠሩና የሚኖሩ ሰዎች ናቸው።

ለልዩ ግዳጅ የሚሰማራው የአሜሪካ ጦር 75ኛ ሬንጀር ሬጅመንት ይህን ቀድሞ ተረድቶ፣ ማዕረግና ሙያ ሳይለይ ወታደሩን ሁሉ በዚህ ዓይነት ሕክምና አሠልጥኗል። ከ2001 እስከ 2010 የነበሩትን ጉዳተኞቹን የመረመረው ጥናት ከሆስፒታል በፊት ባለው ጊዜ ሊድን እየቻለ የሞተ አንድም ወታደር አላገኘም፤ ከታሰሩት ቱርኒኬቶችም 42 በመቶውን ያሰሩት የሕክምና ባለሙያ ያልሆኑ ወታደሮች ነበሩ።

ወደ ግዳጅ የሚሄድ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለው ሰው ምን ልንገረው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የምመልስለት በጣም የተወሰነ ነገር ነው፦ ቱርኒኬቱን ከላስቲኩ አውጥቶ፣ ቀበቶውን አዘጋጅቶ፣ በግራም በቀኝም እጁ በሚደርስበት ቦታ ይያዘው፤ የተለማመደበት ማሰሪያ በመጎተት ብዛት ስለሚደክም ለግዳጁ ያልተነካ አዲስ ይውሰድ፤ ጓደኞቹም የእያንዳንዳቸው ቱርኒኬት የት እንደሆነ ሳያዩ በእጃቸው ማግኘት እስኪችሉ ድረስ፣ ጭነት እያራገፉ ባሉበት ሰዓትም ቢሆን፣ እርስ በርስ ይፈታተኑ።