የዶርዜን የቀርከሃ ቤት ለክቶ መመዝገብ፦ እስካሁን የሚያዋጣው አሠራር

ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጠልፎ የሚሠራው የዶርዜ ቤት ቁመት ብቻውን ብዙም አይናገርም። የቀርከሃው ግርጌ መሬት ውስጥ ስለሚገባ ምስጥና እርጥበት ይበላዋል፤ የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። አዲስ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል የሚባለው ቤት ሲያረጅ ያጥራል፤ በሩም አብሮት ያጥራል። ስለዚህ ከቁመቱ ጎን የተለካበት ቀን፣ የተሠራበት ዓመት፣ ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ፣ ተነቅሎ ቦታ ቀይሮ እንደሆነም ይጻፍ። ባለቤቶቹ ዓመቱን ካላስታወሱ «የበኩር ልጅ ሳይወለድ ነው ወይስ ከተወለደ በኋላ?» ብሎ መጠየቅ ይረዳል። የተገኘው መልስ ግምት ከሆነ «በግምት» ተብሎ ይመዝገብ።

የቀን አጻጻፍ ብዙ መዝገብ ያበላሻል። «12/3/2016» ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው ወይስ ማርች 12 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.? በመካከላቸው ከሰባት ዓመት በላይ አለ። የፋይሉ ስም ላይ 2023-11-22፣ ቅጹ ላይ ደግሞ «ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.» ብሎ ሁለቱንም መያዝ ይሻላል። የካሜራና የድምፅ መቅጃ ሰዓትም እንዲሁ ነው፦ ማስታወሻው «3 ሰዓት» እያለ መሣሪያው 9፡00 ካለ፣ በኋላ ፎቶውን ከቃለ መጠይቁ ጋር ማገናኘት ራስ ምታት ነው።

ወደ ልኬቱ እንምጣ። ክብ የሚመስለው ወለል እውነተኛ ክብ አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ራዲየስ ለክቶ በኮምፓስ መሣል ሐሰት ይፈጥራል። የሚያዋጣው ቤቱን በአራት ችካልና በሲባጎ በሬክታንግል ማጠር ነው። ሰያፉ ቤቱን ስለሚያቋርጥ አይለካም፤ በምትኩ በየማዕዘኑ 3፣ 4 እና 5 ሜትር በሆነ ትሪያንግል ቀጥ ያለ ማዕዘን ይረጋገጣል፣ ትይዩ ጎኖቹም እኩል መሆናቸው ይታያል። ከዚያ በግድግዳው ላይ በየ50 ሴንቲሜትሩ ምልክት ተደርጎ እያንዳንዱ ከሁለት ችካል ይለካል። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ማዕዘን ከ30 ዲግሪ ካነሰ ትንሽ ስሕተት ነጥቡን ብዙ ያርቀዋል፤ ሌላ ችካል ይመረጥ። ሜትሩ ዘንበል ባለ መሬት ላይ ተኝቶ ከተለካ ርቀቱ ይረዝማል፣ ስለዚህ በውሃ ልክ አግድም ይያዝ። የጨርቅ ሜትር ይለጠጣል፤ ፋይበር ወይም ብረት ይሁን።

ውስጡን በሌዘር መለካት ይቻላል፣ ነገር ግን በጥቀርሻ የጠቆረ ጣራ ጨረሩን በደንብ አይመልስም። በረጅም ዘንግ ጫፍ ነጭ ወረቀት አስሮ ጣራው ላይ ማስጠጋት ይበቃል። ጭሱ ቀርከሃውን ከነፍሳት የሚጠብቅ ስለሆነ ጥቀርሻውን «ለፎቶ» ብሎ መጥረግ ጥፋት ነው።

ጥልፍልፉን ከሩቅ በተነሣ ፎቶ ብቻ መያዝ አይቻልም። 50 በ50 ሴንቲሜትር የሆነ ናሙና ተመርጦ የቋሚዎቹና የአግዳሚዎቹ ቁጥር፣ የስንጥቁ ስፋት፣ ከላይና ከታች የሚያልፍበት ሥርዓት፣ አዲስ ቀርከሃ የተቀጠለበት ቦታ በ1፡5 ልኬት (በወረቀቱ 1 ሴንቲሜትር ለእውነተኛው 5) ይሣላል። የቤቱ ሙሉ የወለል ንድፍ 1፡50 ይበቃዋል። የሜዳ ንድፉ በ2ኤች (ጠንካራ) እርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ሲረጥብ ይፈስሳል። ንድፉ በኮምፒውተር ከተሣለ በኋላም ዋናው አይጣል፣ ጥርጣሬ ሲነሣ ዳኛው እሱ ነው።

ከፎቶ በኮምፒውተር ፕሮግራም ሦስት አውታር ያለው ቅርጽ ለማውጣት ተከታታይ ፎቶዎች ከ70 እስከ 80 በመቶ መደራረብ አለባቸው። ነፋስ የክዳኑን የእንሰት ሽፋን ካንቀሳቀሰ ፕሮግራሙ ነጥቦቹን ማዛመድ ያቅተዋል፤ ደመናማና ነፋስ የሌለበት ሰዓት ይመረጥ። የቤቱ ውስጥ የቤተሰብ ገበና ነው፤ የትኛው ፎቶ ለሕዝብ እንደሚከፈት የሚወስኑት ባለቤቶቹ ናቸው።

የክፍሎቹን ስም በጋሞኛ በድምፅ መቅዳት ግዴታ ነው፣ የአማርኛ ፊደል ድምፆቹን ሁሉ አይሸፍንም። በ48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) የዌቭ ፋይል ሆኖ ከተቀዳ የአንድ ሰዓት ቅጂ ወደ 520 ሜጋባይት ይይዛል። የፋይሉ ሦስት ግልባጭ ይኑር፣ አንዱ ሌላ ከተማ ይቀመጥ።

ገና ያልተያዘው የመግቢያው ወጣ ያለ ክፍል ከዋናው ቅርጫት ጋር የሚጋጠምበት ነው። ክዳኑ ስለሚሸፍነው ከውጭ አይታይም፣ ከውስጥም ጨለማ ነው። ክዳን ሊቀይር የተዘጋጀ ቤት ሲገኝ አሮጌው ተነሥቶ አዲሱ ሳይለብስ መድረስ ያስፈልጋል፤ ፎቶ፣ ንድፍና የሠሪው ማብራሪያ በአንድ ጊዜ የሚገኙት ያኔ ነው።