ትንሽ ፒዲኤፍ ሁሉ ፈጣን አይደለም

ፒዲኤፍ ለህትመት ማዘጋጀት እየተለማመድኩ ነው፤ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። አብዛኞቻችን ሜጋባይት መቀነስ ላይ ነው የምንረባረበው። ፕሪንተሩን የሚያደክመው ግን ፋይሉን መቀበል ሳይሆን ፈትቶ ገጹን መሳል ነው። ይህንን ሥራ የሚሠራው ክፍል ሪፕ ይባላል።

ኤ4 የሚሞላ ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2480 በ3508 ፒክስል ነው። በሲኤምዋይኬ (በአራቱ የህትመት ቀለሞች) ከሆነ፣ ጂፔጉ 2 ሜጋባይት ብቻ ቢሆንም፣ ሲፈታ 35 ሜጋባይት ገደማ ይወጣዋል። 600 ስታደርጉት ደግሞ አራት እጥፍ! ይሄኛው ቢያንስ በግልጽ ይታያል። ጉደኛው ትንሽ መስሎ የተቀመጠው ነው፦ 3000 ፒክስል ስፋት ያለው ምስል በ5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሲቀመጥ ከ1500 ዲፒአይ በላይ ይሆናል፣ ሪፑም ሁሉንም ፈትቶ አብዛኛውን ይጥለዋል። ስለዚህ ኤክስፖርት ሳደርግ ከ450 በላይ የሆነውን የቀለም ፎቶ ወደ 300 አወርዳለሁ። ጥቁርና ነጭ ብቻ የሆነ የመስመር ሥዕል ግን አልነካም፤ እሱ 1200 ቢሆን ነው ጠርዙ የሚያምረው።

ጽሑፍን ወደ ከርቭ (ፎንት ወደማያስፈልገው የመስመር ቅርጽ) መቀየር የብዙዎች ልማድ ነው። ፎንት እንዳይጠፋ ተብሎ ነው፣ ይገባኛል። ግን ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ ሲካተት ሪፑ አንድ ፊደል አንዴ ሠርቶ ደጋግሞ ይጠቀምበታል፤ ከርቭ ከሆነ እያንዳንዷን «ለ» እንደ አዲስ ይስላታል። ለሎጎ ምንም አይደለም፣ ለመጽሐፍ ግን ኧረ ተዉት። የሚያስፈልጉትን ፊደላት ብቻ አካታችሁ ላኩ።

ጥላና ትራንስፓረንሲም (ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ነገር) ቀላል አይደሉም፣ ምክንያቱም ከሥር ካለው ቀለም ጋር መደባለቅ አለባቸው። ፒዲኤፍ/ኤክስ-1ኤ የሚባለው የህትመት ፒዲኤፍ ደረጃ ትራንስፓረንሲ ስለማይቀበል ቀድሞ ፍላት ማድረግ (ተደራራቢውን ወደ አንድ ንብርብር ማዋሃድ) ግድ ነው፤ ያኔ ገጹ ብዙ ቦታ ሊቆራረጥ ይችላል። ሪፑ የሚችል ከሆነ እኔ ትራንስፓረንሲን እንዳለ የሚቀበለውን ኤክስ-4ን እመርጣለሁ። ይህን ማተሚያ ቤቱን ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ብዙ ፋይል አንድ ላይ ስትቀጥሉ ደግሞ አንዱ የጀርባ ምስል በየገጹ ተደጋግሞ ሊገባ ይችላል። አክሮባት ፕሮ ውስጥ ኦፕቲማይዘሩን ከፍታችሁ ኦዲት ስፔስ ዩሴጅ የሚለውን ብትጫኑ ምስሉ ስንት፣ ፎንቱ ስንት እንደያዘ በፐርሰንት ያሳያችኋል።

አሁን የያዝኩት ካርታ ነው። ሜጋባይቱ ትንሽ፣ የመስመሮቹ ነጥብ ግን የትየለሌ፤ ገጹ ስክሪን ላይ ራሱ እየተንቀረፈፈ ነው የሚከፈተው። መሬቱን ወደ 300 ዲፒአይ ምስል ቀይሬ፣ የቦታ ስሞቹን በፎንትነታቸው ከላይ ትቼ እየሞከርኩ ነው። ሌላ መላ ያለው ካለ ወዲህ ይበል።