ሥራ ለመልቀቅ የአለቃ ፈቃድ አያስፈልግም

በግል ድርጅቶች የሰው ኃይል ክፍል ስሠራ ያነበብኳቸው አብዛኞቹ የመልቀቂያ ደብዳቤዎች የሚያበቁት «ጥያቄዬ ተቀባይነት አግኝቶ እንድሰናበት በትሕትና እጠይቃለሁ» በሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ይህ አጻጻፍ ዛሬም ያናድደኛል። ሠራተኛው ሕግ የሰጠውን መብት በገዛ እጁ ልመና ያደርገዋል፤ አለቃውም «አልፈቀድኩም» ለማለት ይመቸዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ይደነግጋል። የአሠሪውን ይሁንታ አይጠይቅም። (የመንግሥት ሠራተኞችና የሥራ መሪዎች በዚህ አዋጅ አይተዳደሩም።)

የአክስቴ ልጅ በአንድ አስመጪ ድርጅት ስድስት ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ሠርታ ልትለቅ ስትል ሥራ አስኪያጁ «ምትክ ሳናገኝ አትሄጂም» ብሎ ደብዳቤዋን መለሰላት። ማስጠንቀቂያው ለአሠሪው ወይም ለወኪሉ ባይደርስ እንኳ ለቢሮው ገቢ መሆኑ በቂ ስለሆነ በሁለት ቅጂ አዘጋጅታ መዝገብ ቤት እንድታስገባ፣ በቀሪው ላይም ቀንና የገቢ ቁጥር እንድታስጽፍ ነገርኳት። «እጠይቃለሁ» የሚለውንም አውጥተን «አሳውቃለሁ» አልን። ቆጠራው ከዚያች ቀን ጀመረ።

አዲሱ መሥሪያ ቤት ቶሎ ነዪ እያለ ቢያጣድፋትም ወሩን እንድትጨርስ አጥብቄ መከርኳት። ያለ ማስጠንቀቂያ የሄደ ሠራተኛ እስከ 30 ቀን ደመወዙ የሚደርስ ካሣ ይከፍላል፤ የሚቆረጠውም ከቀሪ ክፍያው ላይ ነው። አሠሪው ክብርን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመ ወይም ጤንነትን የሚያሰጋ አደጋ እያወቀ ዝም ካለ ግን ወዲያውኑ መልቀቅ ይቻላል። ይህን መብት በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ያልተጠቀመበት ሰው ያጣዋል።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ከዚህ በኋላ ነው። ደመወዝና ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ክፍያ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ጊዜው የሚራዘመው ሠራተኛው በራሱ ጥፋት ንብረት ማስረከብ ካዘገየ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑን፣ የደረሰኝ ጥራዞቹንና የካዝናውን ቁልፍ አንድ በአንድ በርክክብ ቅጽ አስፍራ ተረካቢውን አስፈረመች። በክሊራንስ ስም የሚጎትታት ምክንያት አልቀረም።

የስንብት ክፍያ ለተባረረ ብቻ ነው የሚለው ወሬ ደግሞ ስንቱን ባዶ እጁን እንደሸኘ አይቻለሁ። አምስት ዓመት ያገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም ይገባዋል። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ያህል፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይታሰባል። 12,000 ብር ደመወዝ ለነበራት ለእርሷ ከስድስት ዓመት በኋላ 32,000 ብር ማለት ነው።

የሥራ ልምድ ማስረጃም ያለ ክፍያ ይሰጣል። አሠሪው ክፍያውን ቢከለክል ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል መክሰስ ይችላል፤ ይህ የክስ መብት ግን ውሉ ከተቋረጠ ከስድስት ወር በኋላ በይርጋ ይታገዳል።